የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቱርክን ፖሊሲ ማን ይቀርጻል?

ጥያቄ፦ ከአዋሽ ተነሥቶ በከተማችን በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚያልፈውን የባቡር ሐዲድ የገነባው የቱርክ ኩባንያ ነው። አገሪቱ የኔቶ አባል ሆና ሳለ ከሩሲያ ሚሳኤል ትገዛለች፤ በሶማሊያ የጦር ሰፈር ይዛ ሶማሊያን ከእኛ ጋር ታደራድራለች። ፖሊሲዋን የሚቀርጸው ማን ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በቀድሞው ጊዜ የጦር አዛዦች በብሔራዊ የጸጥታ ምክር ቤት በኩል ከባድ ድምፅ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት የጠቅላይ ሚኒስትርነትን ሹመት ስላስቀረ፣ ዋናው ውሳኔ ዛሬ የሚሰጠው በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ነው። ይሁንና ነገሩን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት፣ በእኔ ግምት፣ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ቱርክ ወደ ቆጵሮስ ጦር በማዝመቷ አሜሪካ በ1975 የመሣሪያ ማዕቀብ ስለጣለችባት፣ በሌላ አገር መሣሪያ ላይ ብቻ መመካት እንደማያዛልቅ መንግሥታቷ ሁሉ ተገንዝበዋል፤ ዛሬ ለብዙ አገሮች የምትሸጠው ሰው አልባ አውሮፕላን የዚያ ጥረት ፍሬ ነው። የሩሲያውን ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳኤል በ2019 በመረከቧ ግን አሜሪካ ከምትመራው የኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን ፕሮግራም ተባርራለች፤ ሁለት ወገን መያዝ ዋጋ ያስከፍላል። በሞቃዲሾ የወታደር ማሠልጠኛ ሰፈሯን የከፈተችው በ2017 ሲሆን፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በእሷ አደራዳሪነት የተስማሙበት የታኅሣሥ 2024ቱ የአንካራ መግለጫም የባሕር በር ጥያቄያችንን ለቴክኒክ ድርድር አስተላለፈው እንጂ አልቋጨውም።