ካፌዬን በቀርከሃ ልስራው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር፣ ከእንጅባራ ነው የምጽፈው። መንገድ ዳር ባለን ቦታ ምሰሶውም ጣራውም ቀርከሃ የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ካፌ ልሰራ አስቤ ነበር፣ ያው ቀርከሃው እኛ ጋ እንደልብ ነው። አባቴ ግን የሆንግ ኮንጉን ቃጠሎ በቲቪ ካየ ወዲህ "ክብሪት ላይ ሰው ልታስቀምጥ ነው?" እያለ መከራዬን እያበላኝ ነው። እውነት እንደዛ ያሰጋል? መድሃኒት ቢቀባስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ በግማሽ ልክ ናቸው። ህዳር 2018 ሆንግ ኮንግ ታይ ፖ ላይ ከ150 በላይ ሰው የጨረሰው እሳት የተነሳው እድሳት ላይ በነበሩ፣ ዙሪያቸውን የቀርከሃ መወጣጫ በታሰረባቸው ህንፃዎች ነው፣ እና ሁሉም ቀርከሃውን ረገመ፣ መርማሪዎቹ ግን ዋናውን ጥፋት የጣሉት መወጣጫውን በሸፈነው መረብና መስኮቶቹ ላይ በተለጠፈው ፎም ላይ ነው። ቀርከሃውም ነዷል፣ ግን እሳቱን ያሯሯጠው እሱ አልነበረም።

አንተን የሚያሳስብህ ሌላ ነገር ነው። ወፍራም እንጨት ሲነድ ላዩ ይከስልና ከሰሉ ራሱ ውስጡን ይከልለዋል፣ ጥድ ለምሳሌ በደቂቃ 0.65 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚከስለው፣ ስለዚህ 20 ሳንቲ የሆነ ምሰሶ ግማሽ ሰዓት ነዶም ገና ይሸከማል። የናንተ የደጋ ቀርከሃ ግን ባዶ ነው፣ ገላው አንድ ሳንቲ ቢሞላ ነው፣ ከምኑ ላይ ይከስላል? ደሞ ነበልባል ሳይነካው 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል። እርጥብ ቀርከሃ እሳት ውስጥ ገብቶ ጧ ሲል ሰምተህ የለ፣ በሁለት አንጓ መሃል የታፈነው አየርና እንፋሎት ነው የሚያፈነዳው።

መድሃኒቱ ቦረክስና ቦሪክ አሲድ ከሆነ ለነቀዝ አሪፍ ነው፣ ለእሳት ግን ለነቀዝ የሚነከርበት መጠን አይበቃም፣ ዝናብ ካገኘውም ታጥቦ ይሄዳል። ቫርኒሹን ደሞ ባታስበው ይሻላል፣ ራሱ ተቀጣጣይ ነው።

መፍትሄው ልስን ነው። ኮሎምቢያዎች ቀርከሃውን አቁመው፣ የወንፊት ሽቦ መትተው በሲሚንቶ ይለስኑታል፣ በህንፃ ህጋቸው ውስጥ የገባ አሰራር ነው። እኛም ብንሆን በጭቃ ስንመርግ ነው የኖርነው እኮ፣ በደንብ የተመረገ ግድግዳ እሳት ቶሎ አያገኘውም። ውስጡን ለፎቶ ያምራል ብሎ ራቁቱን መተው የመጣው አሁን ነው።

ስለ ፎቁ፣ አይኤስኦ 22156 የሚባለው የቀርከሃ ዲዛይን መስፈርት ቢበዛ ሁለት ወለልና 7 ሜትር ነው የሚፈቅደው፣ ያንተ ከዚህ አይበልጥም፣ ይፈቀዳል፣ ግን እኔ ብሆን ምድር ላይ ብቻ ነው የምሰራው። እሳት ቢነሳ ሰው በየአቅጣጫው ይወጣል፣ ፎቅ ላይ ግን በአንድ ደረጃ ሁሉም ይጋፋል፣ ከስር ያለው ምሰሶ ደሞ አይጠብቃቸውም። ፎቁ የግድ ከሆነብህ የሚሸከመውን በኮንክሪት አድርገውና ቀርከሃውን ለበረንዳና ለማስጌጫ ተጠቀም።

ኩሽናውን ለብቻው በብሎኬት ስራ፣ የቡናው ከሰል ምድጃ ከቀርከሃ ግድግዳ ይራቅ። ገመዱን ኤሌክትሪሻኑ በቀርከሃው ክፍተት ውስጥ ላሳልፍ ካለህ እምቢ በል፣ ውስጡ ቢቀጣጠል ማንም ሳያየው ነው ጣራ የሚደርሰው፣ ኮንዲዩት (የገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) ገዝተህ በውጭ አስኪድ፣ ብሬከርም አትርሳ።