ቅጠሏ አልዞር ስትል

ወንድሜ፣ «ራሴ የሠራሁት የዓሣ ማጥመጃ ስፒነር ውሃ ውስጥ ስጎትተው የብረት ቅጠሉ አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል» ላልከው፣ መጀመሪያ ክሌቪሷን እይ። ቅጠሏን ከሽቦው ጋር የምታያይዘውን የ«ዩ» ቅርጽ ያላትን ትንሽ ብረት ማለቴ ነው። በፒንሳ ተጨፍልቃ ከሆነ፣ ወይም የቀዳዳዋ ጠርዝ ሸካራ ከሆነ፣ ሽቦውን ትነክሳለች። በጣትህ ነካ ስታደርጋት እንደ ልቧ መዞር አለባት።

ከሥሯ ደግሞ ለስላሳ ክብ ዶቃ አስገባ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ሰው የሚንቃት ይህቺን ዶቃ ነው! ክሌቪሷ በቀጥታ ሽቦው ላይ ባለው የብረት ክብደት ላይ ካረፈች፣ ስትጎትት ውሃው ይገፋትና እዚያው ትጣበቃለች።

ሽቦው ቀጥ ይበል። የቅጠሏ ጎድጓዳ ጎን ወደ ሽቦው ይሁን። ዊሎው የምትባለው ቀጭንና ረጅም ቅጠል ፈጠን ያለ መጎተት ትፈልጋለች፤ ቀስ ብለህ የምትጎትት ከሆነ ኮሎራዶ የምትባለውን ሰፊ ቅጠል ሞክር። ወርውረህ መጎተት ስትጀምር የማጥመጃ ዘንግህን አንዴ ነጠቅ አድርገው፣ ቅጠሏ ያኔ ትነሳለች።