ቁም ሳጥን በማይገባበት ጠባብ መኝታ ክፍል ልብስ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ የምተኛባት ክፍል ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ስፋቷ 2.5 ሜትር ናት። ከአልጋው፣ ከአንዲት ጠረጴዛና ከበሩ መክፈቻ የሚተርፈው ቦታ ለቁም ሳጥን አይበቃም። ስለዚህ ልብሶቼ ከፊሉ በሻንጣ፣ ከፊሉ በወንበር ላይ፣ የቀሩትም ከበሩ ጀርባ በተመቱ ሚስማሮች ላይ ናቸው። ከሻንጣ የማወጣው ልብስ ሁልጊዜ የተጨማደደ ነው፤ የታፈነ ሽታም አለው። ባለፈው ወር ደግሞ አንዱን የሱፍ ሹራቤን ሦስት ቦታ ተበስቶ አገኘሁት። ሳጥንና ቅርጫት እየገዛሁ ብደረድር ይሻለኛል ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መያዣ መግዛቱን ለመጨረሻ ያቆዩት። ሳጥንና ቅርጫት አስቀድሞ የገዛ ሰው ልብሱን በገዛው ዕቃ ልክ ማጨቁ አይቀርም፤ የእርስዎ ልብሶች የሚጨማደዱትና የሚሸቱት ደግሞ በመታጨቃቸው ነው። በመጀመሪያ ያለዎትን ልብስ በሙሉ አልጋው ላይ አውጥተው መሰቀል ያለበትንና መታጠፍ የሚችለውን ይለዩ። ሸሚዝ፣ ኮት፣ የጨርቅ ሱሪና ከስስ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ይሰቀላሉ። ሹራብ ግን መሰቀል የለበትም፤ የገዛ ክብደቱ ወደ ታች እየሳበው ይረዝማል፣ ትከሻው ላይም የመስቀያው ቅርጽ ይቀርበታል። ቲሸርት፣ ጂንስና የውስጥ ልብስ ቢታጠፉ ምንም አይጎዱም። የሚሰቀለው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከገመተው ያነሰ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ይህ ልየታ ብቻውን ግማሹን ጭንቀት ያቃልልዎታል።

ቀጥሎ ሜትር ይያዙ። የአዋቂ ልብስ መስቀያ ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ እጅጌው ሲታከልበት ልብሱ ግድግዳውን ሳይታከክ እንዲንጠለጠል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልገዋል። የመስቀያ ዘንግ ለመትከል የሚመቸው በአልጋው ግርጌ ወይም ራስጌ በኩል ያለው አጭሩ ግድግዳ ነው። ያ ካልተገኘ ደግሞ ከግድግዳው ወደ ፊት 35 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወጣ አጭር ዘንግ ማስተከል ይቻላል፤ ልብሶቹ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ አዙረው አንዱ ከሌላው ፊት ይሰለፋሉ። የሚይዘው አሥር ልብስ ያህል ቢሆንም በየቀኑ ለሚለበሰው በቂ ነው። ሸሚዝ ከነመስቀያው ወደ 1 ሜትር ስለሚወርድ፣ ዘንጉ ከወለሉ 1.70 ሜትር ላይ ቢውል ከሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተርፋል፤ ለታጠፈው ልብስ የሚሆን ዝቅተኛ መደርደሪያ እዚያ ይገባል። ረጃጅም ቀሚሶችና ካፖርት ካሉዎት በአንድ ጫፍ ሰብሰብ ብለው ይሰቀሉ።

ክብደቱን አቅልለው አይዩት። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻውን 2 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ የ1 ሜትር ዘንግም ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሚስማር አይሸከመውም። ግድግዳው ኮንክሪት ወይም ብሎኬት ከሆነ በትራፓኖ አስበስተው ፊሸርና ብሎን ያስገቡበት። የተከራዩት ቤት ሆኖ መብሳት ካልተፈቀደልዎ በእግሩ የሚቆም መስቀያ ይሻላል፤ ነገር ግን ወደ ፊት እንዳይወድቅ ከባድ ከባዱን ነገር ከታች ያድርጉ። ከአቧራና ከብርሃን ለመከላከል ከፊቱ የጥጥ መጋረጃ ይበቃዋል። ላስቲክ ግን አይጋርዱበት፤ እርጥበት ያፍናል።

ስለ ሽታው ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው ልብስን የሚጎዳው አቧራ ብቻ ይመስለዋል። ካውያ ያረፈበት ልብስ እንፋሎት ይዞ ስለሚቆይ፣ ወዲያው ታጥፎ ከተከደነ እርጥበቱ እዚያው ይታመቃል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ደግሞ ሻጋታ ለማደግ ይመቸዋል። ስለዚህ የተተኮሰውን አንድ ሰዓት ያህል ያናፍሱት፣ መደርደሪያውንም ከውጭው ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። አንዴ ተለብሶ ገና ያልቆሸሸ ልብስ ከታጠበው ጋር አይቀላቀል፤ አሁን ወንበሩ ላይ የሚከማቸው እሱ ስለሆነ ከበሩ ጀርባ ካሉት ሚስማሮች ሁለቱን በሰፋፊ መንጠቆዎች ይተኩና ለእሱ ብቻ ይተዉለት።

ሹራብዎን የበሳው ብል ሳይሆን አይቀርም። የሚበላው የሚበርረው ብል አይደለም፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ማለትም እጩ ነው። እጩ ሱፍን፣ ሐርንና ጸጉርን የመሰለ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ይመገባል፤ ንጹሕ ጥጥ ብዙም አይነካም፣ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ልብስ ግን ይወዳል። እንግዲህ ለወራት የሚቀመጥ ልብስ ሳይታጠብ አይቀመጥ። ሹራቡን በላስቲክ ከረጢት በደንብ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ቢያቆዩት እጩም እንቁላሉም ይሞታል። ናፍታሊን በሚተኙበት ክፍል እንዲበትኑ አልመክርም፤ ትነቱን ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሱታል፣ በተለይ ለሕፃናት ቀይ የደም ሴሎችን እስከ መሰባበር የሚደርስ ጉዳት አለው።

የቀረው ሻንጣው ነው። የወቅቱ ያልሆነውን ልብስ ይዞ አልጋ ሥር ሊገባ ይችላል፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ከሆነ ሁለት ጣውላ ከሥሩ ያንጥፉለት። ከዚያ በፊት ግን ባዶውን ከፍተው በፀሐይ ያስጡት፣ ገበሩን ገልብጠው የስፌቱንና የዚፑን ጥጋጥግ በብሩሽ ይጥረጉ፤ ሹራቡን የበላው እጭ ዘመዶች ካሉት የሚሸሸጉት እዚያ ነው።