«ከምታዋርደን ብትሞት ይሻላል» ሲባል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ20 ዓመቷ የጎረቤቴ ልጅ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ልታገባ መሆኑ ሲሰማ ታላቅ ወንድሟ «ከምታዋርደን ብትሞት ይሻላል» አለ። አሁን እኔ ቤት ናት። የብሎካችን ሽማግሌዎች አባቷን አናግረው «ምንም አትሆንም፣ ትመለስ» ይሉኛል። ልመልሳት?
እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እናታችን፣ አይመልሷት። ሽማግሌዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። የለመዱት የተጣሉ ሰዎችን ማስታረቅ ነው፤ እዚህ ግን ጠብ ሳይሆን የግድያ ዛቻ ነው ያለው። አባትየው ቢምሉ እንኳ መሐላቸው የሚያስረው እሳቸውን ነው። ወንድምየውንም ሆነ «አንተም ወንድ ነህ?» የሚሉትን አጎቶች አያስርም።

የክብር ግድያን፣ ማለትም ቤተሰብ «ስማችንን አዋረደች» ብሎ የራሱን ሰው የሚገድልበትን፣ ከሌላው ግድያ የሚለየው ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ የሚመክርበት እንጂ የአንድ ሰው ንዴት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከጩኸቱ ይልቅ ድንገት የሚመጣውን ጸጥታ ይፍሩ። ትናንት ሲዝት የነበረ ወንድም ዛሬ «ይቅር ብያታለሁ» ካለ፣ «እናትሽ ታማለች፣ አንዴ ብቻ ነይ» የሚል ስልክ ከመጣ፣ ያለ ሰርግና ያለ ለቅሶ አጎቶች ከገጠር ከገቡ፣ አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። ትውልዷ ኩርድ የነበረችው ፋዲሜ ሻሂንዳል ስዊድን ውስጥ ከቤተሰቧ ርቃ ትኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እናቷንና እህቶቿን በድብቅ ልታይ ስትመጣ አባቷ ተኩሶ ገደላት።

ዛሬውኑ የሚደረገውን እንንገርዎት። ልጅቱ ወንድሟ የተናገረውን ቃል በቃል ትጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን አጠገብ እንደነበረ። የቴሌግራም ድምፅ ካለ አታጥፋው፤ ሌላ ስልክ ላይም ይቀመጥ። ከዚያ አሁን ላለችበት ሰፈር ቅርብ ወደሆነው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ። ማስፈራራት (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580) የሚከሰሰው በተበዳይ አቤቱታ ስለሆነ እርስዎ ብቻ ቢናገሩ አይበቃም፤ እሷ ራሷ ቃሏን ሰጥታ ትፈርም። ቱሉ ዲምቱ ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ትንሽ አለፍ ሲሉ ሸገር ከተማ ይገባሉ። በዚህ ምክንያት «የኛ ክልል አይደለም፣ እዚያ ሂዱ» የሚል መልስ ቢያጋጥማችሁ፣ አቤቱታው መጀመሪያ ተመዝግቦ እንዲተላለፍ ጠይቁ። የመዝገብ ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ።

ስም መጥቀስም አትፍሩ። ለንደን የምትኖረው ባናዝ ማህሙድ ሊገድሏት ያሰቡትን ዘመዶቿን በስም ጽፋ ለፖሊስ ሰጥታ ነበር። ደጋግማ ብትሄድም የሚያምናት አጥታ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ተገደለች። አባቷና አጎቷ በኋላ የተፈረደባቸው ያ ጽሑፍ ከተገኙት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ነው። አንድ ጣቢያ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ታረቁ» ካላችሁ ኃላፊውን ጠይቁ፣ እሱም እምቢ ካለ ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስና ወደ ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

እርስዎ ቤት መቆየቷም ብዙ አያዋጣም፤ ወንድሟ በሩን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት ከፖሊስ ወይም ከሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ ነው። መታወቂያዋንና የትምህርት ማስረጃዋን ከቤት የሚያመጣው ሌላ ሰው ይሁን፤ እሷ ለወረቀት ብላ አትመለስ። ያለችበትን ለእናቷም ቢሆን አትናገር። ይህ ይከብዳል፣ እናውቃለን፤ ግን እናት ባሏና ልጇ ፊት ቆማ ምስጢር መጠበቅ ሊያቅታት ይችላል። ወንድምየው በር ላይ ከመጣ አይክፈቱ፣ ወዲያው 991 ይደውሉ።

ጋብቻውን በተመለከተ ዕድሜዋ ከ18 በላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ የመጋባት መብት ሰጥቷታል።

ጥያቄ፦ የክብር ግድያ የእስልምና ሕግ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የአረብ ባህል ነው ይላሉ። የቱ ነው ትክክል?
ተማሪ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ ኑር ዝሙት ነው ብሎ የሚከስ ሰው አራት ምስክር እንዲያቀርብ፣ ካላቀረበ ራሱ 80 ግርፋት እንዲቀበል ያዛል። ሚስቱን ያለ ምስክር የሚከስ ባል ደግሞ ይምላል፣ እሷም ምላ ክሱን ታፈርሳለች፤ ቢላ የሚያነሳበት ቦታ የለም። በዘፍጥረት 38 ይሁዳ ምራቱ ትዕማር አመንዝራ ማርገዟን ሲሰማ አውጥተው እንዲያቃጥሏት አዘዘ። እሷ ማኅተሙን፣ አምባሩንና በትሩን ልካ «የዚህ ባለቤት ነው ያስረገዘኝ» ስትለው ከእኔ ይልቅ እሷ ጻድቅ ናት አለ። ፈራጁ ራሱ አባትየው ሆኖ ተገኘ።

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18 ዓመት ገደማ በአውግስጦስ ዘመን ባወጡት ሕግ አባት ልጁን በራሱ ወይም በአማቹ ቤት ከውሽማዋ ጋር ከያዛት ሁለቱንም መግደል ይችል ነበር። ወንዱን ብቻ ገድሎ ልጁን ቢተዋት ግን ነፍሰ ገዳይ ይባላል። የካቶሊኮች አገር የሆነችው ጣሊያን ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ለክብሩ ብሎ የገደለን ሰው ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ የምትቀጣበትን አንቀጽ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሕንድ ውስጥ በሐርያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007 ማኖጅና ባብሊ የተባሉ ባልና ሚስት የተገደሉት አንድ ጎሣ ሆነው ተጋብተዋል ተብሎ ነው፤ ሂንዱዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢራቅ ውስጥ በድንጋይ ተወግራ የሞተችው ዱዓ ኸሊል ከእስልምናም ከክርስትናም የተለየው የያዚዲ ሃይማኖት ተከታይ ነበረች።

ብዙዎቹን ቦታዎች የሚያመሳስላቸው የቅጣት ቅናሽ ነው። ፓኪስታንን ብናይ የሟች ወራሽ ገዳዩን ይቅር ማለት ይችላል። ገዳዩ ወንድም፣ ወራሾቹ እናትና አባት ሲሆኑ ያው አንድ ቤት ገድሎ ያው ቤት ይምራል። በማኅበራዊ ሚዲያ ታዋቂ የነበረችው ፓኪስታናዊት ቀንዲል ባሎች እ.ኤ.አ. በ2016 በወንድሟ ከተገደለች በኋላ ይቅርታ ቢኖርም ዕድሜ ልክ እስራት እንዳይቀር ሕጉ ተሻሻለ። እንዲያም ሆኖ ወላጆቹ ይቅር ብለውት ወንድምየው እ.ኤ.አ. በ2022 በይግባኝ ነፃ ወጣ። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ቅጣቱ እንዲቀል ዕድሜው ያልደረሰ ወንድም ለግድያው ይመረጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ የልማድ ግድያን ከባድ ግድያ አድርጎታል።

ጥያቄ፦ ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር አግኝቶ የገደለን ሕጉ ይምረዋል ይባላል። እውነት ነው?
አባወራ፣ ከቡራዩ

መልስ፦ አይምረውም። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 541 በድንገተኛና ከባድ ቁጣ ለተፈጸመ ግድያ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይላል። ክብርም ዝሙትም የሚል ቃል ግን የለበትም፤ ቁጣው በነገሩ ሁኔታ የሚገባ መሆኑን የሚመዝነው ዳኛው ነው። ወጥቶ መሣሪያ ያመጣ፣ አድሮ የጠበቀ፣ ወንድሞቹን ጠርቶ የመከረ ሰው ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 539 ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ ያለው ቅጣት ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ዝሙት ራሱ በአንቀጽ 652 በአቤቱታ ይከሰሳል፣ ፍቺም አለ። «ወንድ ከሆንክ ዝም አትበል» ብሎ የገፋፋውም በአንቀጽ 36 አነሣሽ ሆኖ ይጠየቃል፣ ቢላውን በእጁ ባይነካውም።