ቤሌምን በእግር፦ ከዝናቡ በፊትና ከዝናቡ በኋላ

"ብራዚል ቤሌም ሦስት ቀን አለኝ፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ወበቁ በእግር ያስኬዳል ወይ? ምንስ ልብላ?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

ያስኬዳል። ብቻ ቀንሽን በዝናቡ ልክ ቁረጪው። እዚያ ሰዎች ቀጠሮ ሲይዙ "ከዝናቡ በፊት ነው በኋላ?" መባባላቸው የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዶፉ ከሰዓት በኋላ ይወርድና ያባራል። ከተማው ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ይነጋል፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ቀን ላይ 32 እና 33 ዲግሪ ይደርሳል። የሚያደክመው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩ በእርጥበት ስለተሞላ ላብሽ አይተንም፣ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ጂንስ አንዴ ከረጠበ በማግስቱም አይደርቅልሽም፤ ሰፋ ያለ ስስ ልብስና ውሃ የማይፈራ ሰንደል ያዢ። ሳይጠማሽ ጠጪ፤ በየመንገዱ የሚሸጠው የኮኮናት ውሃ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አትራመጂ።

ጠዋቱን ለቬር-ኦ-ፔሶ ገበያ ስጪው። ትርጉሙ "ክብደቱን እይ" ነው፤ በፖርቱጋሎች ዘመን ዕቃ እየተመዘነ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ነበር። ከ1 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ዓሣው ትኩስ ነው፣ ፀሐዩም አልከረረም። አራት ማማ ያለውን የብረት የዓሣ አዳራሽ፣ ከዚያ የመድኃኒት ቅጠልና ሽቶ የሚሸጡትን ሴቶች ተራ እዪ። ስልክሽን በእጅሽ ይዘሽ አትዙሪ፤ በግርግር መሐል ይመነተፋል። ከገበያው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ከተማው እ.ኤ.አ. በ1616 የተቆረቆረበት ምሽግና አሮጌው ሰፈር አሉ። እነሱንም በጠዋቱ ጨርሺ፤ ሲመሽ ጭር ስለሚል በእግር አይኬድበትም፣ ኡበር ጥሪ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ዝናቡ ከባሕር ሙላት ጋር ሲገጥም ውሃው ገበያው ድረስ ይወጣል፤ ሰንደል ያልኩሽም ለዚህ ነው።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ግቢ። እ.ኤ.አ. በ1878 የተከፈተው ቴያትር ቤት፣ ቴያትሮ ዳ ፓስ፣ በአስጎብኚ ይታያል፤ የጎማ ንግድ ያመጣውን ሀብት ከሱ የተሻለ የሚያሳይ ቤት የለም። በዙሪያው ያሉት መንገዶች በትልልቅ የማንጎ ዛፎች የተሸፈኑ ናቸው። በፍሬው ወቅት ነፋስ ሲነሳ ከሥራቸው አትቁሚ፤ የሚወድቀው ማንጎ የመኪና መስታወት ይሰብራል።

ምግቡ ላይ ልቆይ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አሳይ የተባለው የዘንባባ ፍሬ ተፈጭቶ ይቀርባል፤ በቤሌም ግን ጣፋጭ አይደለም፤ ያለ ስኳር፣ ከተጠበሰ ዓሣና ፋሪንያ ከተባለው የካሳቫ ዱቄት ጋር የሚበላ ምሳ ነው። ፍሬው በደንብ ካልታጠበ ግን ልብን የሚጎዳው የቻጋስ በሽታ ተሸካሚ ነፍሳት አብረው ሊፈጩ ይችላሉ። ስለዚህ ፍሬውን 80 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ10 ሰከንድ ነክረው ከሚፈጩ ቤቶች ብቻ ብዪ፤ "ብራንኬያዶ?" (እንዲህ ተነክሯል?) ብለሽ ጠይቂ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ፣ ታካካ የሚሸጡ ሴቶች በየማዕዘኑ ይቀመጣሉ። በቅል የሚቀርብ ትኩስ ነገር ነው፦ ቱኩፒ የተባለው ቢጫ የካሳቫ ጭማቂ፣ የካሳቫ ስታርች፣ ዣምቡ የተባለ ቅጠልና የደረቀ ሽሪምፕ። ጥሬው ጭማቂ መርዛም ስለሆነ በደንብ ይፈላል፤ እቤት ልሞክር እንዳትዪ። ዣምቡ ምላስና ከንፈር ያደነዝዛል፤ አለርጂ መስሎሽ አትደንግጪ፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። ጾም ከሆነ "ሴን ካማራው" በያት፣ ያለ ሽሪምፕ ማለት ነው። ማኒሶባ ግን ጎመን ስለሚመስል ብቻ አታዢው፦ ለሰባት ቀን ያህል የተቀቀለ የካሳቫ ቅጠል ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው።

ሦስተኛውን ቀን ለኮምቡ ደሴት ተዪው። ጀልባው ከፕራሳ ፕሪንሴዛ ኢዛቤል ይነሳል፣ ጉዞው 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሳይመሽ ተመለሺ።

ብዙ ሰው የሚከፍለው በስልክ፣ በፒክስ ነው፤ ያለ ብራዚል ባንክ ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሠራልሽ ዝርዝር ሬያል ያዢ። ጊዜሽ በኦክቶበር ሁለተኛ እሑድ ላይ ከዋለ የሲሪዮ ዴ ናዛሬ በዓል ስለሆነ ማደሪያ ከወራት በፊት ያዢ። የቢጫ ወባ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመሽ ተከተቢ፤ ወደ ኢትዮጵያ ስትመለሺም ካርዱን ልትጠየቂ ስለምትችዪ ከፓስፖርትሽ ጋር አድርጊው። ካሜራ ካለሽ ደግሞ ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥተሽ ወዲያው አትክፈቺው፤ ሌንሱ በእንፋሎት ይሸፈናል። በላስቲክ ጠቅልለሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ አቆዪው።