«አባዬ ከሥልጠና መቼ ይመለሳል?»

ውድ አዘጋጅ፣

ባለቤቴ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። አምና የሌሊት ተረኛ ሆኖ የተጋጩ መኪኖችን ሲመዘግብ፣ ከኋላ የመጣ ገልባጭ መኪና ገጨው። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ልጃችን ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። ልቅሶው እስኪያልፍ እህቴ ቤት ከረመ። ሲመለስ «አባዬስ?» አለኝ። «ሥልጠና ሄዷል፣ ሩቅ ነው» አልኩት። ለጊዜው ብዬ ነበር፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ልጁ መንገድ ላይ ትራፊክ ባየ ቁጥር ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። የአባቱን ፊሽካ ትራሱ ሥር ያሳድራታል። በቀደም ደግሞ «እዚያ ስልክ የለም እንዴ?» ብሎ አፋጠጠኝ።

ሙት ዓመቱ በሚቀጥለው ወር ነው። ባልደረቦቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ይመጣሉ። እናቴ «ልጁን ያን ቀን ከቤት አርቂው፣ ሲያድግ ይደርስበታል» ትላለች። ምን ላድርግ?

ሀ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

አታርቂው። ከሙት ዓመቱ በፊት አንቺው ራስሽ ንገሪው። የጡረታው ወረቀት ላይ እኮ ስሙ ሰፍሯል፤ ከአበሉ ግማሹ ላንቺ፣ 20 በመቶው ለእሱ ነው። እድሩ ያውቃል፣ የሰፈሩ ልጆች ያውቃሉ። አንዱ ኳስ ላይ ተናዶ እንዳይነግረው ነው የምፈራው።

መርዶ እንደ ወጉ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ሳይነጋ በር አንኳኩቶ ነው። ልጅ ላይ እንዳትሞክሩት። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን ይብላና አጠገብሽ አስቀምጪው። «አባዬ ሥልጠና አልሄደም። ሥራ ላይ እያለ መኪና ገጭቶት ሞተ። አይመለስም። ያኔ መናገር አቅቶኝ ዋሸሁህ፣ ይቅርታ» በይው። በቃ። «ሞተ» የምትለዋ ቃል ትከብዳለች፣ ግን አትዝለያት። «ተኝቷል» ካልሽው መኝታ ይፈራል፤ «እግዜር ወሰደው» ካልሽው ከእግዜር ይጣላል። በ7 ዓመቱ አብዛኛው ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ይገባዋል። ሊቆጣሽ ይችላል። ወይ ምንም እንዳልሰማ ኳሱን ይዞ ይወጣ ይሆናል። ማታ ግን ይመለስበታል። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቅሽ አሥር ጊዜ መልሺለት።

እናትሽ ክፋት የለባቸውም፤ ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው። እኔ የአያቴን ሞት ያወቅኩት ለተዝካራቸው ጠላ ሲጠመቅ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሙት ዓመቱ ቀን ልጁ ባልደረቦቹ መሃል ይቀመጥ። አንዱን ቀደም ብለሽ አደራ በይው፦ አባቱ ዝናብ ሲጥል የት ይጠለል እንደነበር፣ የትኛው ሾፌር እንዳሳቀው፣ ተራ ሲገባ ምን ይዞ ይመጣ እንደነበር ያጫውተው። አንቺ የማታውቂው ወሬ እነሱ ዘንድ አለ።

ፊሽካዋንም አትውሰጂበት። ልንፋት ካለ ይንፋት። ጎረቤት ይቻለው።