ፍልስፍና ደረሰኝ፣ ልቀይር ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ፍልስፍና ደረሰኝ፤ ቤተሰብ ምን ልትበዪበት ነው ይለኛል፤ ልቀይር ወይ?» ብለሻል። እኔ ተምሬዋለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

እውነቱን ለመናገር፣ «በፍልስፍና የተመረቀ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ብዙም አታገኚም። ቀጥተኛው በር ማስተማር ነው። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል፣ ክርክርን መመዘን የሚያስተምር ኮርስ ይወስዳሉ፤ ያንን የሚያስተምሩት የእኛ ሰዎች ናቸው። ለዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ያስፈልግሻል።

እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። የምሠራው ሪፖርት ማዘጋጀት ላይ ነው። አንድ ቀን «ከሥልጠናው በኋላ የወተት ሽያጭ ጨምሯል፤ ስለዚህ ሥልጠናው ውጤታማ ነው» የሚል ረቂቅ መጣልኝ። እዚያው ቆምኩ። ተከትሎ መጣ ማለት እሱ አመጣው ማለት አይደለም። ወሩን ሳየው ለካ ፋሲካ ነው፤ ጾም ተፈቷል! ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝነው። ይህን ዓይን የሰጠኝ የሎጂክ ክፍል ነው።

ትምህርቱን ከወደድሽው አትቀይሪ። ጎን ለጎን ግን ኤክሴል ልመጂ፣ እንግሊዝኛሽንም አጠንክሪ። የምትጽፊያቸውን የክፍል ጽሑፎች ደግሞ አትጣያቸው። እኔ ሥራ ስፈልግ ያሳየሁት እነሱን ነው።